ከንዝረት የሚገኝ ኤሌክትሪክና የጅቡቲ ከተማ

የጅቡቲ ከተማ ቀንም ሆነ ሌሊት ከመንቀጥቀጥ የማታርፍ ከተማ ናት። በዶራሌ ወደብ ግዙፎቹ ክሬኖች ኮንቴይነሮችን ከመርከብ ላይ ሲያወርዱ ብረት ከብረት ይጋጫል። በቡላኦስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ የናፍጣ ሞተሮች ሲሠሩ፣ በአጠገባቸው የቆመ ሰው ጉርምርምታቸውን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በእግሩ ሥር ጭምር ይሰማዋል። ከከተማው ዳር በሚገኘው በነጋድ የባቡር ጣቢያ ጭነት የያዙ ፉርጎዎች እየተንገጫገጩ ይቀጣጠላሉ። ወደ ኢትዮጵያ የሚያቀኑት ከባድ መኪናዎች ደግሞ ረጅም ሰልፍ ሠርተው አስፋልቱን እያርገበገቡ ያልፋሉ። ይህ ሁሉ በሳይንስ ቋንቋ ንዝረት ይባላል።

በዚህችው ከተማ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ የሚረጭ ነገር አይደለም። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚወጣባቸው ቀኖች ጥቂት አይደሉም። ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ አሸዋ ይዞ ሲነፍስ፣ ማቀዝቀዣና ማራገቢያ ያለው ሁሉ መሣሪያውን ይከፍታል። ያን ጊዜ የከተማው የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከጣራ በላይ ይወጣል። እንግዲህ በአንድ በኩል የኤሌክትሪክ ችግር፣ በሌላ በኩል ያለ ሥራ የሚባክን የሚመስል መንቀጥቀጥ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ «ይህ ሁሉ ንዝረት ለምን ወደ ኤሌክትሪክ አይለወጥም?» የሚል ጥያቄ በብዙ ሰው አእምሮ መነሣቱ የሚያስገርም አይደለም።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሆኖም በችኮላ «ይለወጥ!» ብሎ የሚመልስ ሰው ከተማዋን ለከንቱ ወጪ ይዳርጋታል። «የሞኝ ሐሳብ ነው» ብሎ የሚያልፈውም ጠቃሚ ነገር ያጣል። ንዝረት ከተማን አያበራም። ነገር ግን የሰው ዓይንና ጆሮ በማይደርስበት ቦታ የሚሽከረከር ብረት ስለ ጤንነቱ የሚናገርበትን አንድ ትንሽ መሣሪያ ለመቀለብ ይበቃል። ለጅቡቲና ለጎረቤቷ ለኢትዮጵያ የሚበጀውም ይኸኛው፣ ትንሹ ጥቅም ነው።

የነገሩ መሠረት ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ማይክል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1831 በለንደን ከተማ የማግኔት ዘንግ በመዳብ ሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈስ አረጋገጠ። ማግኔቱ ቆሞ ሳለ ምንም የለም፤ ኤሌክትሪኩ የሚወለደው ማግኔቱ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። በወጣትነቱ የመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ሲሠራ፣ ሊጠረዙ የመጡትን መጻሕፍት እያነበበ ነው ወደ ሳይንስ የገባው። ከኢትዮጵያ የውኃ ግድቦች ጀምሮ እስከ ቡላኦስ የናፍጣ ሞተሮች ድረስ ያሉት ማመንጫዎች ሁሉ የሚሠሩት እርሱ ባገኘው በዚሁ ሕግ ነው።

ይህን ሕግ በእጅ ለመዳሰስ የፈለገ የብስክሌት ዲናሞ ይበቃዋል። ዲናሞው ከጎማው ጋር ተጠግቶ ሲሽከረከር ከፊት ያለው መብራት ይበራል። ነገር ግን አሽከርካሪው ዲናሞውን ባስጠጋ ጊዜ ፔዳሉ እንደሚከብደው ማስተዋል አለበት። መብራቱ በነፃ አልመጣም፤ ከአሽከርካሪው ጉልበት ተቆርሶ ነው። ይህንንም ሄንሪክ ሌንዝ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1834 በሕግ መልክ አስቀምጦታል። በእንቅስቃሴ የተወለደ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ የወለደውን እንቅስቃሴ ይቃወማል። ይህ የሌንዝ ሕግ ከንዝረት ስለሚገኝ ኃይል በሚደረግ ክርክር ሁሉ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ነው። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም እርሱ ነው።

ከንዝረት ኤሌክትሪክ የሚያወጣው መሣሪያ ራሱ ውስብስብ አይደለም። በአንዲት ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ማግኔት በሞላ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል፤ በዙሪያው የመዳብ ሽቦ ጥቅል አለ። ሣጥኑ ከሚንቀጠቀጥ ብረት ጋር በብሎን ይታሠራል። ብረቱ ሲንቀጠቀጥ ሣጥኑና ሽቦው አብረው ይንቀጠቀጣሉ፤ ማግኔቱ ግን በሞላው ላይ ስላለ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከዚያም አልፎ ይወዛወዛል። በሽቦውና በማግኔቱ መካከል የሚፈጠረው ይህ የእንቅስቃሴ ልዩነት ኤሌክትሪክን ያመነጫል።

መሣሪያው በደንብ እንዲሠራ ከንዝረቱ ጋር መስማማት ይኖርበታል። ልጅን በዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው በየትኛውም ጊዜ ቢገፋ ዥዋዥዌው አይሄድለትም፤ ዥዋዥዌው ወደ እርሱ ተመልሶ ሊሄድ ሲል ቢገፋ ግን በትንሽ ጉልበት ከፍ ያደርገዋል። ማግኔቱና ሞላውም እንዲሁ የራሳቸው የመወዛወዝ ልክ አላቸው። በደቂቃ 1500 ጊዜ የሚዞር ሞተር በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። የሞላው ጥንካሬና የማግኔቱ ክብደት በሰከንድ 25 ጊዜ እንዲወዛወዝ ሆኖ ከተመረጠ፣ የሞተሩ ትንሽ ንዝረት በመሣሪያው ውስጥ ትልቅ ውዝዋዜ ይሆናል። ልኩ ከተዛባ ግን መሣሪያው ከመንገጫገጭ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ዊልያምስና ዬትስ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ከእንዲህ ያለ ትንሽ መሣሪያ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠበቅ በስሌት አሳይተዋል። ከስሌታቸው አንዱ ቁም ነገር የንዝረቱን ፍጥነት የሚመለከት ነው። የንዝረቱ ስፋት ሳይለወጥ ድግግሞሹ በእጥፍ ቢያድግ፣ ሊገኝ የሚችለው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒውም ዝግ ያለ ንዝረት የሚሰጠው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። የሰው እርምጃ ደግሞ ከዝግተኞቹ ወገን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሰው እርምጃ መናገር ግድ ይላል፤ ምክንያቱም በዓለም ዙሪያ በብዙ ከተሞች ሰው ሲረግጠው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የወለል ንጣፍ ለእይታ ቀርቧል። ጋዜጦችም «ከተማውን እግረኞች ያበሩታል» እያሉ ጽፈዋል። ይህ በጅቡቲ ቢሞከር ምን ይሆን ነበር? በማህሙድ ሐርቢ አደባባይ አካባቢ ባለው ገበያ ከማለዳ ጀምሮ ሕዝብ ይርመሰመሳል። አንድ 70 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው ንጣፉን ረግጦ በ5 ሚሊሜትር ዝቅ ቢያደርገው፣ የሚሰጠው ኃይል ምንም ሳይባክን 3 ጁል ተኩል ያህል ነው። 10 ዋት የምትፈጅ አንዲት አምፖል በየሰከንዱ 10 ጁል ትበላለች። እንግዲህ አንዲቷን አምፖል ለማብራት በየሰከንዱ ሦስት እርምጃ ያስፈልጋል። 1000 ዋት ለሚፈጅ አንድ የአየር ማቀዝቀዣማ በየሰከንዱ 300 እርምጃ ያህል ሊረገጥለት ነው። ደግሞም ይህ ስሌት አንዳች ነገር እንደማይባክን አድርጎ የተሠራ መሆኑ አይዘንጋ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ጠቅሶ ጥቂቱ ተጠራቅሞ ብዙ ይሆናል ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖራል። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሲያብር የሚጠራቀመው ድሩ ብቻ ሳይሆን የድሩ ዋጋም ነው። ሺህ ንጣፍ የሺህ ንጣፍ ዋጋ፣ የሺህ ንጣፍ ጥገናና የሺህ ንጣፍ ዝገት አለው። ከዚህም በላይ ኃይሉ የሚመጣው ከአላፊ አግዳሚው ጉልበት ነው። በአርባ ዲግሪ ሙቀት አትክልት ተሸክማ ወደ ገበያ የምትሄድ ሴት፣ በአሸዋ ላይ እንደምትራመድ ሁሉ በየእርምጃዋ ጥቂት ጥቂት እየሰመጠ በሚቀበላት ወለል ላይ እንድትሄድ ማድረግ፣ ከምትበላው እንጀራዋ ወይም ሩዟ ላይ ለማዘጋጃ ቤቱ መብራት ግብር መቁረጥ ማለት ነው።

በመኪና መንገድ ላይ የሚቀርበው ሐሳብም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ከጅቡቲ ተነሥተው በጋላፊ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት ከባድ መኪናዎች ብዙ ቶን ጭነት ይይዛሉ። በየመንገዱ ላይ ሲረገጥ ዝቅ የሚል፣ ከሥሩ ማግኔትና ሽቦ ያለው ጉብታ ቢሠራ ከእግረኛው እጅግ የበለጠ ኃይል እንደሚሰጥ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ መኪናው ጉብታውን ወጥቶ ለማለፍ ተጨማሪ ናፍጣ ያቃጥላል። ናፍጣውን የሚገዛው ሾፌሩ ወይም የመኪናው ባለቤት ነው፤ በመጨረሻም የስንዴውና የማዳበሪያው ሸማች ይከፍለዋል። ይህ ኃይል ማመንጨት ሳይሆን ከሌላ ሰው በርሜል ናፍጣ በጭልፋ መቅዳት ነው። መኪናው የግድ ፍጥነቱን መቀነስ ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ኬላ ወይም ወደ ወደብ በር ሲቃረብ፣ በፍሬን ሙቀት የሚባክነውን ኃይል መውሰድ ይቻል ይሆናል። ያም ቢሆን የጉብታው ጥገና ከሚያስገኘው መብራት ጋር ሲነጻጸር ብዙ የሚያስመካ አይሆንም።

ለመሆኑ የጅቡቲ ከተማ መብራት ዛሬ ከየት ይመጣል? ለረጅም ዘመን መሠረቱ ከውጭ በሚገባ ነዳጅ የሚሠሩት የቡላኦስ ሞተሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከድሬዳዋ በኩል በተዘረጋው 230 ኪሎቮልት መስመር ከኢትዮጵያ የውኃ ኃይል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ከጉቤት ባሕረ ሰላጤ አጠገብ 17 የነፋስ ተርባይኖች ተተክለው እስከ 60 ሜጋዋት የሚደርስ ኃይል ማመንጨት ጀምረዋል። ይህን ከንዝረት መሣሪያ ጋር ማስተያየት ራሱ ትምህርት ይሰጣል። በእጅ የሚያዝ አንድ የንዝረት መሣሪያ 10 ሚሊዋት ቢሰጥ፣ ማለትም የአንድ ዋት አንድ መቶኛ ቢያመነጭ፣ የጉቤትን ተርባይኖች ሙሉ ኃይል ለመተካት 6 ቢሊዮን መሣሪያ ያስፈልጋል። ያው መሣሪያ 12 ዋት-ሰዓት የሚይዝ የአንድ ተንቀሳቃሽ ስልክ ባትሪ ለመሙላት ብቻውን ሌት ተቀን ሳያቋርጥ 50 ቀን ይፈጅበታል። ስለሆነም ስለ ከተማ መብራት የሚደረገው ክርክር እዚህ ላይ ቢዘጋ ይሻላል። ጅቡቲ ነፋስ፣ ፀሐይና ከመሬት በታች ያለ እንፋሎት ያላት አገር ናት፤ ለመብራቷ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ወደ እነርሱ ብታዞር ይበጃታል።

ነገር ግን 10 ሚሊዋት ለስልክ ምንም ያልሆነውን ያህል ለሌላ ነገር ሀብት ነው። ይህንን ለመረዳት ከነጋድ ጣቢያ የሚነሣውን የጭነት ባቡር መከተል ያስፈልጋል።

ጅቡቲን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ደግሞ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2016፣ በጅቡቲ በጥር ወር 2017 ተመረቀ። መደበኛ የንግድ አገልግሎቱንም እ.ኤ.አ. በ2018 ጀመረ። ርዝመቱ 750 ኪሎሜትር ያህል ነው። ባቡሩ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በሆልሆልና በአሊ ሳቢህ አድርጎ በደወሌ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይገባል። ከዚያም በአይሻና በአዲጋላ ምድረ በዳ አልፎ ድሬዳዋ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ ውኃ እንኳ ማግኘት የሚያስቸግርበት ቦታ ብዙ ነው።

ባቡሩን የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ኤሌክትሪኩን ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ይወስዳል። ከኋላው የሚጎተቱት የጭነት ፉርጎዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ኤሌክትሪክ የላቸውም። ፉርጎ ማለት በመሠረቱ መንኰራኵር ያለው ብረት ነው። የመንኰራኵሮቹ ዘንግ የሚሽከረከረው በኩሽኔታ ላይ ነው። ኩሽኔታው ቅባቱ ሲያልቅ፣ አሸዋ ሲገባበት ወይም ሲሰነጠቅ መጀመሪያ ከወትሮው የተለየ ንዝረት ያሰማል፤ ቀጥሎ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ይግላል። የጋለ ኩሽኔታ ዘንጉን ሊሰብር፣ የተሰበረ ዘንግም ባቡሩን ከሐዲድ ሊያወጣ ይችላል። በዱሮ ዘመን በብዙ አገሮች የባቡር ሠራተኞች በየጣቢያው እየዞሩ መንኰራኵሩን በመዶሻ ይመቱ ነበር፤ ከድምፁም ጤነኛውን ከስንጥቁ ይለዩ ነበር። ኩሽኔታውንም በእጃቸው እየዳሰሱ ሙቀቱን ይመረምሩ ነበር። ይህ የተከበረ ጥበብ ነበር፤ ባቡሩ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ሳለ ግን ምንም አያደርግም። ዛሬም ከሐዲዱ ዳር ተተክለው ሙቀትን የሚለኩ መሣሪያዎች በዓለም ላይ አሉ። እነርሱም የሚያዩት ፉርጎው በአጠገባቸው ሲያልፍ ብቻ ነው።

ከእያንዳንዱ ኩሽኔታ አጠገብ ሙቀቱንና ንዝረቱን እየለካ በሬዲዮ የሚያስታውቅ ትንሽ መሣሪያ ቢታሠርስ? ችግሩ የኤሌክትሪክ ምንጩ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ፉርጎዎች፣ በእያንዳንዱም ላይ በርካታ ኩሽኔታዎች ስላሉ ለሁሉም ሽቦ መዘርጋት አይታሰብም። የባትሪ ድንጋይ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ድንጋዩ ሲያልቅ አንድ ሰው ከፉርጎው ሥር ገብቶ መለወጥ አለበት። በሙቀት አገር ደግሞ ባትሪ በፍጥነት ያረጃል። የፀሐይ ብርሃን ከፉርጎው ሥር አይደርስም፤ ከላይ ቢደረግም ኮንቴይነር ይጫንበታል፤ አቧራም ይሸፍነዋል። በአንጻሩ ከፉርጎው ሥር እጅግ የተትረፈረፈ አንድ ነገር አለ። እርሱም ንዝረት ነው።

እዚህ ላይ 10 ሚሊዋት ምን እንደምትሠራ ማስላት ተገቢ ነው። መለኪያው ከእንቅልፉ ነቅቶ ሙቀቱን አይቶ መልእክቱን ለመላክ 100 ሚሊዋት ለአንድ ሰከንድ ቢፈጅ፣ የንዝረት መሣሪያው ይህን በ10 ሰከንድ ውስጥ መልሶ ያጠራቅማል። በየአምስት ደቂቃው አንድ መልእክት ቢላክ እንኳ ትርፍ ይኖራል። ባቡሩ ሲቆም ንዝረቱ ይቆማል፤ ኤሌክትሪኩም ይቋረጣል። ይህ ግን ጉዳት የለውም፤ የቆመ መንኰራኵር አይግልምና። እዚህ ላይ የሌንዝ ሕግም ቢሆን አያስፈራም፤ ከብዙ ቶን ጭነት ባቡር ላይ 10 ሚሊዋት መቁረስ ከባሕር ላይ በማንኪያ እንደ መቅዳት ነውና።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሕልም አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ምርምር የመነጨ ፐርፔቱም የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋቁሞ፣ በማግኔትና በሽቦ ጥቅል የሚሠሩ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ለፋብሪካዎችና ለባቡሮች አቅርቧል። በአገሪቱ ደቡብ ምሥራቅ የሚሠሩ የመንገደኛ ባቡሮች በመንኰራኵሮቻቸው አጠገብ መሣሪያውን አሥረው የኩሽኔታቸውን ሁኔታ ሲከታተሉበት ቆይተዋል። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2021 በሂታቺ የባቡር ኩባንያ ተገዝቷል። በብርድና በዝናብ አገር የተፈተነ መሣሪያ በዳናኪል ዳር ባለ ምድረ በዳ ይሠራል ብሎ በጭፍን መቀበል ግን አይገባም።

የሚያሳስቡ ነገሮች አሉ። ጠንካራዎቹ ማግኔቶች ሙቀት ሲበዛባቸው ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ተራዎቹማ ወደ 80 ዲግሪ ሲቃረቡ መድከም ይጀምራሉ። ኩሽኔታ ሲግል ደግሞ ከዚህ በላይ ይሞቃል። ይህም ማለት መሣሪያው አደጋው በደረሰበት ሰዓት ራሱ ሊደክም ይችላል። የባሕሩ ጨው መዳቡንና ብሎኑን ይበላል። ሞላውም በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ተወዛውዞ ሊሰበር ይችላል። የባቡሩ ፍጥነት በተለዋወጠ ቁጥር የንዝረቱ ልክ ስለሚለዋወጥ፣ ለአንድ ልክ ብቻ የተበጀ መሣሪያ አብዛኛውን መንገድ ሥራ ፈትቶ ሊጓዝ ይችላል። ዋጋውም ከባትሪ ድንጋይ ዋጋ ይበልጣል። እነዚህ ሁሉ ትክክለኛ ስጋቶች ናቸው፤ መልስ የሚያገኙት ግን በንግግር ሳይሆን በሙከራ ነው። ለማግኔቱ ሙቀት የሚችል ዓይነት ይመረጣል። ሣጥኑ ከኩሽኔታው ጥቂት ርቆ ይታሠራል፤ ጨው እንዳያገኘውም ይታሸጋል። ዋጋው ሲመዘን ደግሞ የሚወዳደረው ከባትሪ ድንጋይ ዋጋ ጋር ብቻ ሳይሆን፣ በአይሻ በረሃ አንድ ፉርጎ ከሐዲድ ወጥቶ መስመሩ ሲዘጋ ከሚደርሰው ኪሳራ ጋር ነው። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ ያ ኪሳራ በባቡሩ ድርጅት ላይ ብቻ አያበቃም።

ንዝረትን በማግኔትና በሽቦ ወደ መልእክት መለወጥ ለጅቡቲ ሰዎችም እንግዳ ነገር አይደለም። ከከተማው በስተ ምዕራብ በአርታ ተራራ ላይ የመሬትን መንቀጥቀጥ የሚከታተል ተቋም አለ። አገሪቱ ያረፈችው የምድር ቅርፊት በሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1978 በአሳል ሐይቅና በጉቤት መካከል አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ የስምጥ ሸለቆው ወለል በጥቂት ቀናት ውስጥ 2 ሜትር ያህል ተከፍቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ለመለካት የሚያገለግሉት መሣሪያዎች አያሌዎቹ የሚሠሩት ቦሪስ ጎሊትሲን የተባለው ሩሲያዊ እ.ኤ.አ. በ1906 ባስተዋወቀው ዘዴ ነው። መሬት ስትንቀጠቀጥ በሞላ ላይ የተንጠለጠለው ክብደት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የሽቦው ጥቅልና ማግኔቱ ይተላለፋሉ፤ ኤሌክትሪክም ይወለዳል። ከፉርጎው ሥር ከሚታሠረው ሣጥን ጋር አንድ ዓይነት ነው። ያ ኤሌክትሪክ አንዲት አምፖል አያበራም፤ ነገር ግን መንቀጥቀጡ የት እንደተነሣና ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል።

በብዙ መርከቦች ላይም ባትሪ የማያስፈልገው የአደጋ ጊዜ ስልክ አለ። በስልኩ ውስጥ ያለች ስስ የብረት ልሳን በተናጋሪው ድምፅ ስትርገበገብ በማግኔትና በሽቦ መካከል ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይኸው ኤሌክትሪክ በሽቦው ተጉዞ በሌላው ጫፍ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። መርከቡ መብራቱ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ካፒቴኑ ከሞተር ክፍል ጋር መነጋገር ይችላል። የሰው ድምፅ ካለው ኃይል ያነሰ ምን ኃይል አለ? ሆኖም ለተገባው ሥራ ሲውል የብዙ ሰው ሕይወት ያተርፋል።

በቡላኦስም ቢሆን ተመሳሳይ ሥራ አለ። የሞተሮቹ ንዝረት ልኩ ቋሚ ስለሆነ፣ ለአንድ ድግግሞሽ የተበጀ መሣሪያ ከፉርጎው ይልቅ እዚያ በቀላሉ ይስማማል። እርግጥ ነው፣ በማመንጫ ጣቢያ ውስጥ ኤሌክትሪክ ማጣት የለም። ነገር ግን በጋለና በሚሽከረከር ሞተር ዙሪያ ሽቦ መጎተት አስቸጋሪም አደገኛም ነው። ልምድ ያለው መካኒክ ሞተሩ ከመታመሙ በፊት በድምፁ ያውቀዋል ይባላል። ያ መካኒክ ግን ይተኛል፤ ያረጃል፤ ጡረታም ይወጣል። ከሞተሩ ጋር የታሠረ ትንሽ መሣሪያ የመካኒኩን ጆሮ አይተካም፤ እርሱ በሌለበት ሰዓት ይጠብቅለታል እንጂ።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ትልቅ በጀትና የምረቃ ሪባን አይደለም። አንድ ባቡር፣ ከእርሱም ጥቂት ፉርጎዎች ተመርጠው ከነጋድ እስከ ድሬዳዋ አንድ ሙሉ የሙቀት ወቅት ቢሞከርባቸው፣ መሣሪያው በምድረ በዳው መቻል አለመቻሉ ይታወቃል። በአንዱ ወገን ፉርጎዎች የባትሪ ድንጋይ፣ በሌላው ወገን የንዝረት መሣሪያ አድርጎ ማወዳደርም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲና በድሬዳዋ ያለው ዩኒቨርሲቲ በመስመሩ ሁለት አቅጣጫ ስለሚገኙ ሥራውን ተካፍለው መሥራት አያቅታቸውም። የውጭ አገር ሣጥን ገዝቶ ማሠር አንድ ነገር ነው፤ ሞላው ሲሰበር በአገር ውስጥ የሚተካው ባለሙያ ማፍራት ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከፉርጎው ሥር የተንጠለጠለ የዛገ ቆርቆሮ ይሆናል።

ለዚህ ባለሙያ መነሻ የሚሆነው ዕቃም በየሰፈሩ ወድቆ ይገኛል። በተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔትም የመዳብ ሽቦ ጥቅልም አሉ። ከሁለቱ ጋር ከአሮጌ እስክሪብቶ የወጣች አንዲት ሞላና አንዲት ትንሽ ቀይ የምልክት መብራት ቢጨመሩ፣ በጅቡቲም ሆነ በድሬዳዋ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፋራዴይ ያየውን በጠረጴዛው ላይ ማየት ይችላል። መብራቷ ለአፍታ ብልጭ እንድትል ሽቦውን ብዙ መቶ ጊዜ መጠምጠም ሊያስፈልገው ይችላል። ካልበራችለት የሽቦውን ዙር ይጨምር፤ ወይም ማግኔቱን ፈጠን አድርጎ ያወዛውዘው።